የላቮን ኋላ ማርሽ

ላቮን ክሊንግማን ሠላሳ ስድስት ጫማ የሚረዝመውን ተጎታች ቤቷን ራሷ መሪ ይዛ ወደ ኋላ መንዳት በጀመረች በሦስተኛው ቀን የልብስ ማስጫዬን ምሰሶ ገጨችው። ስለ ምሰሶው አልተናደድኩም። ማድረቂያ ማሽን ከገዛሁ ወዲህ ከወፎች በቀር ማንም አይጠቀምበትም። ያናደደኝ ባሏ ኤልደን ነው። ከተጎታቹ በስተኋላ ቆሞ በእጁ ሲመራት የነበረው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ምሰሶው ሲንጋደድ አንዴ አየት አደረገና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ለልጃቸው ሊደውል ነው። በቃ፣ አልሆነም ሊለው ነው።

ግን ከመሃል ጀመርኩት።

እኔ አርዲስ እባላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ቤቴን እየጎተትኩ ስዞር ኖሬ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ሚኒሶታ ውስጥ ይህችን ቤት ገዝቼ ቁጭ አልኩ። ቤቱ ያን ያህል አይደለም፣ ጣሪያው ያፈሳል። የገዛሁት ለግቢው ስል ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጋመስ እዚህ አገር የስኳር ሥር የሚነቀልበት ጊዜ ይደርሳል። የቀይ ሥር ዘመድ ነው፤ ነጭ ሆኖ የሰው ጭንቅላት ያህላል። ገበሬው በከባድ መኪና እያጋዘ ሜዳ ላይ ይቆልለዋል፤ ፋብሪካው የብርዱን ወራት ሙሉ ከዚያ እያነሳ ስኳር ያወጣበታል። ለሁለት ሦስት ሳምንት ብዙ እጅ ያስፈልጋል። ያ እጅ የሚመጣው ከእኛ ነው፤ ቤታችንን ሸጠን በተጎታች ቤት ከምንኖር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች። ሥራው እስኪጀመር ጓደኞቼ እኔ ግቢ መጥተው ይቆማሉ። ኤሌክትሪክ ከጋራዤ ይሰካሉ፣ ውኃ ከጓሮዬ ቧንቧ ይቀዳሉ።

በእኛ ሰዎች ዘንድ ወዳጅ ግቢ የቆመ ሰው ኪራይ ብሎ አያነሳም፤ ነውር ነው። ግን ደግሞ የተበላሸ ነገር ፈልጎ ሳይጠግን አይሄድም። የእኔን በር፣ የእኔን ምድጃ፣ የጋራዤን መብራት ሁሉ የሠራው ኤልደን ነው። መኪናው እንደቆመ ሰላም እንኳ በቅጡ ሳይለኝ፣ ዘንድሮ ምን እንደሰበርኩ ይጠይቀኛል።

ላቮን ነብራስካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ስትሠራ የኖረች ናት። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ አይደርስም፤ ድምፅዋ ግን ሜዳ ያቋርጣል። ኤልደን የእህል ጎተራ ማሽኖች መካኒክ ነበር። ልጃቸው ከርቲስ አግብቶ ኦማሃ ሲገባ ቤታቸውን ሸጠው ተጎታች ገዙ፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ሙቀቱ ሲመጣ ዊስኮንሲን ሐይቅ ዳር የመንገደኞች ማረፊያ ይጠብቃሉ፤ እሷ እንግዳ ትመዘግባለች፣ እሱ መጸዳጃ ቤቱንና ቧንቧውን ያያል። በመስከረም ወደዚህ ይመጣሉ። የገና በዓል ሲቃረብ ዕቃ የሚታሸግበት መጋዘን ይገባሉ። ከዚያ ብርዱ ሲጠና አሪዞና በረሃ ወርደው ከወዳጆቻቸው ጋር በክብ ይሰፍሩና፣ ሥራ የለ አለቃ የለ፣ እየተጫወቱ ይከርማሉ።

ያወቅኋት በመጀመሪያው የስኳር ሥር ዓመቴ ነው። ጭቃው ጫማዬ ውስጥ ገብቶ እግሬ ደንዝዞ ስነጫነጭ፣ ይህች አጭር ሴት መጣችና ምንም ሳትጠይቀኝ ደረቅ ካልሲ ሰጠችኝ። በላዩ የዳቦ ላስቲክ እንዳጠልቅ አሳየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስሟን የነገረችኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ አያይዛም ካልሲውን አጥቤ እንድመልስ አዘዘችኝ። ከአራት ዓመት በፊት የጉልበቴ ጅማት ሲበጠስ ደግሞ የመጋዘኑን ሥራ ትታ መጥታ፣ በረዶ መሃል እዚሁ ግቢ ቆማ ስድስት ሳምንት አስታመመችኝ። እኔ በሽተኛ ስሆን አመለኛ ነኝ፤ ሾርባውን ጨው በዛው ብዬ የመለስኩባት ቀን አለ። ከእሷ ሌላ ማንም አይችለኝም ነበር።

ደብተር አላት። አርባ ሦስት የወዳጅ ግቢ ተመዝግቦበታል፤ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የኤሌክትሪኩ ሶኬት የት እንዳለ፣ ዝቅ ያለ ሽቦ ካለ፣ የቤቱ ሰው ምን እንደማይበላ፣ ውሻው ስሙ ማን እንደሆነ። ስለ እኔ የጻፈችውን አንድ ጊዜ ሰርቄ አነበብኩት። «አርዲስ፦ መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ከዘነበ ጠጠሩ ላይ ብቻ ቁም። ጠዋት አይናገሯትም» ይላል። እውነቷን ነው።

ዘንድሮ ከዊስኮንሲን ሲመጡ፣ ከእኔ ቤት አርባ ደቂቃ ሲቀራቸው፣ ኤልደን ነዳጅ ቀድቶ ሊነሳ ሲል መሪው ላይ ተደፋ። ደግነቱ ሞተሩን ገና አላስነሳም ነበር። ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኛ። ነፍሱ ተረፈች፣ እጅ እግሩም ደህና ነው፤ ሐኪሙ ግን ከእንግዲህ መሪ እንዳይዝ ቁርጡን ነገረው። የሚጎትቱበትን ፒካፕ ከነተጎታቹ አንድ የሰፈሬ ገበሬ ሄዶ ነድቶ አመጣልን።

ኤልደን ግቢዬ ሲገባ ምን እንደሰበርኩ አልጠየቀኝም። ተጣጣፊ ወንበሩን አወጣ፣ ተቀመጠ፣ ሜዳውን ማየት ጀመረ። የኩሽናዬ ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ ሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። በሦስተኛው፣ «ቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ» አለኝ። ያኔ ነው የፈራሁለት።

በማግስቱ ከርቲስ ደወለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የሚፈራ ልጅ ነው። ከጋራዡ ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት አሰናድቶ ሦስት ዓመት ጠብቋቸዋል። አሁን ደግሞ ፒካፑንና ተጎታቹን የሚገዛ ሰው አግኝቷል። አባትየው ለካ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ እሺ ብሎታል። ላቮን ይህን የሰማችው እኔ ኩሽና ውስጥ፣ ድንች እየላጠች፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ጮክ ብሎ እየተናገረ ነው። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ማንን ጠይቃችሁ ነው?» አለች።

«እማዬ፣ ታዲያ ማን ሊነዳው ነው?»

«እኔ።»

በር ላይ የቆመው ኤልደን ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ሳቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሪውን አንዴም አላስነካትም፤ እሷም አምጣ ብላው አታውቅም። የእሷ ሥራ ከኋላ ቆሞ መምራት ነበር።

ሲነታረኩ ቆይተው ተስማሙ። በመጪው ሳምንት እሑድ ከርቲስ ይመጣል። ፋብሪካው ለሠራተኞች ባዘጋጀው ሜዳ ላይ አሥራ አራት ቁጥር ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ላቮን ቤቷን እስከዚያ ነድታ፣ ወደ ኋላ ገፍታ፣ ልጇ እያየ ቦታው ላይ ካስገባች፣ ከርቲስ ከእንግዲህ ስለ መሸጥ አፉን አይከፍትም። ካቃታት ግን እሱ ራሱ መሪውን ይዞ ወደ ኦማሃ ይነዳዋል፤ ደብተሩም፣ አርባ ሦስቱም ግቢ፣ አሪዞናም በዚያው ያበቃል። እስከዚያ እሑድ ዘጠኝ ቀን ነበራት።

ያን ዕለት ማታ ዕቃ ስናጥብ፣ ኦማሃ ያን ያህል ክፉ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ክፉ አይደለም አለች። ልጇን ትወደዋለች፣ የልጅ ልጆቿንም። «ግን እዚያ ስገባ እኔ የማን ጓደኛ ነኝ?» አለችኝ።

ወደ ፊት መንዳቱ በሁለት ቀን ገባት። ባዶው የገጠር መንገድ ላይ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እየጸለይኩ ወዲያና ወዲህ አመላለሰችኝ። ወደ ኋላ መግፋት ግን ሌላ ጣጣ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው የተጎታቹ ጅራት ወደ ግራ ይሄዳል፤ በሰዓቱ ካልመለሰች እንደ ክርን ይታጠፋል። ከሾፌሩ ወንበር ሆኖ ጅራቱ አይታይም። የሚታየው ከኋላ የቆመው ሰው ነው፤ እሱም በስፖኪዮ።

በመንገድ የሚኖር ባልና ሚስት ሁሉ የራሱ የእጅ ምልክት አለው። የአንዱ ቤት ምልክት ለሌላው ቤት አይሠራም፤ የሰው ሚስት ብትመራህ ዛፍ ላይ ትወጣለህ። የላቮን ምልክቶች ከኩሽና የመጡ ናቸው። ጅራቱ ወደ አንድ ወገን እንዲሄድ ስትፈልግ በዚያ ወገን እጇን መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ የምሳ ሳህን እንደ ያዘች ታነሳለች። በጥቂት በጥቂቱ ና ለማለት ጨው እንደሚበትን ሰው ጣቶቿን ታሻሻለች። ቁም ለማለት ሁለት እጇን ወደ ታች አድርጋ ድስት ትከድናለች። ኤልደን ያን ሁሉ ዓመት ሲያየው ኖሯል፤ ስለዚህ ለማስተማር ጊዜ አላጠፉም። እሷ መሪ ላይ ወጣች፣ እሱ ከኋላ ሄደ። መካኒክ እጁን እንደ ምግብ ቤት ሴት አንስቶ ሳህን ሲይዝ ማየት ነበረባችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ተጎታቹ ወደ ማይፈለግበት ሄደ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ምሰሶዬ ላይ ወጣ። ላቮን ከፒካፑ ስትወርድ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ወደ ምሰሶው ላክኸኝ» አለችው።

«እኔ የላክሁሽ ወደ ጋራዡ ነው።»

«ሳህኑን ያነሳኸው ወደ ምሰሶው ነው፣ ኤልደን። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ልክ አንቺ እንደምታነሺው ነው ያነሳሁት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

«እኔ ወደ ጋራዥ ለመላክ በዚያ እጄ አንስቼ አላውቅም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታነሺ አይቻለሁ እኮ።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ተይው ላቮን። ሰው ሳንገጭ እንተወው።» ስልኩን አወጣ።

እሷ ወደ ምሰሶው ሄዳ በሁለት እጇ ልታቃናው ትታገል ጀመር፤ እንደማይቃና እያወቀች። በሕይወቴ ላቮንን ተስፋ ስትቆርጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኤልደን ቁጥሩን ሳይጨርስ ስልኩን ቀማሁትና ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ ገብቶ እንደማይፈልገው አውቃለሁ፤ የደንብ ሰው ነው።

እልኸኛ ሊሉኝ ይችላሉ። ግን ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱም ውሸታም አይደሉም። እሱ እንደ እሷ አነሳሁ አለ፤ እሷ በዚያ እጄ አላነሳም አለች። ሁለቱም እውነታቸውን ከሆነ አንድ ነገር አለ ብዬ፣ ኤልደንን ወደ ሾፌሩ ወንበር ውጣ አልኩት። ሐኪሙ ከልክሎኛል አለ። ቁልፉን ከመሪው ነቅዬ አሳየሁት። ተቀመጥ ነው ያልኩህ፣ ንዳ አላልኩህም። ላቮንን ደግሞ እንደ ድሮው ከኋላ ሄዳ እንድትቆም፣ ጅራቱን ወደ ጋራዡ እንድትልክ ነገርኳት። በንዴት እየተራመደች ሄዳ ቆመች፤ ሳህኗን አነሳች።

በመስኮቱ በኩል ለኤልደን፣ «ስፖኪዮውን ተመልከት። በየትኛው እጇ ነው ያነሳችው?» አልኩት።

«በግራዋ። አልኩሽ እኮ።»

«ላቮን፣ በየትኛው እጅሽ ነው ያነሳሽው?»

«በቀኜ ነዋ» ብላ ጮኸች።

ኤልደን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ አያት። መልሶ ስፖኪዮውን አየ። እንደገና አንገቱን አወጣ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በመስታወት ሲታይ የሰው ቀኝ እጅ ግራ መስሎ ነው የሚታየው። ኤልደን ደግሞ ሚስቱ ስትመራው አንድ ቀን ዞሮ አይቷት አያውቅም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚያውቃት በመስታወት ውስጥ ነው። በተራው ከኋላ ሲቆም በመስታወት ያያትን ሴት እንዳለች ቀዳት፤ የቀዳው ግን የተገለበጠ ነበር። እሷን ወደ ምሰሶው የላካት እሷን በጣም ስለሚያምን ነው።

ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት። ኤልደን ወርዶ ወደ ላቮን ሄደ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ስትሰማው ቆይታ በቡጢ ደረቱን መታ አደረገችው። ከዚያ ያደረጉትን ብቻ ነው የማውቀው፤ ከቆመው ተጎታች ኋላ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው፣ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ሳህን በቀኝ፣ ሳህን በግራ፣ ጨው፣ ክዳን። እሷ ታነሳለች፣ እሱ ይከተላል። ሲሳሳት እጁን ይዛ ትለውጥለታለች። ባልና ሚስቱ ይህን ተጎታች ከአንድ ወገን አብረው ቆመው ሲያዩት ያ የመጀመሪያቸው ነበር። እኔ ለእራት የድንች ቂጣ ልጋግር ገባሁ፤ ዓይኔ ስላስቸገረኝ ጭምር።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ሞከሩ። አሁን ተጎታቹ ወደሚፈለግበት መምጣት ጀመረ፤ ጠማማ ቢሆንም። ኤልደን ግን በሁለተኛው ሙከራ ላይ ድስቱን ቶሎ ከደነው፤ ገና አራት እርምጃ ሲቀረው። ከዚያም ድስቱን እንደከደነ ቆሞ ቀረ። አሞት መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ። አላመመውም። ፈርቶ ነው።

እራት ላይ ቂጣውን ቅቤ ቀብቶ ሳይበላው ቆየ። ከዚያ፣ «ላቮን፣ ይሄ ነገር ወደ ሰው ሲመጣ ያስፈራል» አላት።

«አዎ።»

«ግድግዳ ነው የሚመጣብሽ።»

«አውቃለሁ፣ ኤልደን።»

«አንድ ቀን አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅኸኝም።»

«እኔ ደግሞ አንዳንዴ በመስኮት እጮህብሽ ነበር።»

«አንዳንዴ?» አለችው።

ሳቅኩ፤ እነሱ አልሳቁም። ኤልደን ሳህኑን ገፋ አደረገ። በዝናብ፣ በጨለማ፣ በዚያ በረዶ በጣለ ዓመት ሁሉ እሷ ውጪ ቆማ እሱ ማሞቂያ ከፍቶ መቀመጡን ዛሬ ከኋላ ሲቆም እንዳሰበው ነገራት። «አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላልኩሽም። ዛሬ ልበልሽ። አመሰግናለሁ» አላት። እንዲህ ዓይነት ወሬ ከእኛ አገር ሰው አፍ ቶሎ አይወጣም፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ወጥቶ ነበር።

ላቮንም መሪ ላይ ተቀምጣ ያየችውን ነገረችው። በስፖኪዮ ሲታይ ሰው ትንሽ ነው አለች፤ የጣት ያህል። «እኔም ለአንተ እንደዚያ ትንሽ ሆኜ ነው የታየሁህ? ታዲያ ያን ሁሉ ብረት እንዴት አምነኸኝ ወደ ኋላ ትገፋው ነበር?»

«ሌላ ማንን ላምን?» አለ ኤልደን፤ ቂጣውን ጠቅልሎ ጎረሰ። በማግስቱ ጠዋት ሳልነሳ የኩሽናዬን ቧንቧ ፈትቶ ወለሉን በውኃ ሞልቶት አገኘሁት። ጠዋት አልናገርም እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሲገፉና ሲያወጡ ዋሉ። ሣሬ አለቀ። ቅዳሜ ማታ ላቮን ከአምስት ሦስቱን ታስገባ ነበር። ሁለቱን ግን አታስገባም፤ ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አናነሳውም።

እሑድ ነፋሱ ክፉ ነበር። ከርቲስ ከኦማሃ ሌሊቱን ተነስቶ ዓይኑ ቀልቶ ደረሰ፤ እናቱን አቅፎ አባቱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። እኔ በእሱ መኪና ከኋላቸው ተከተልኩ። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔን ክፉ ሰው አድርገሽ ታይኛለሽ ወይ አለኝ። አላይህም፣ ግን ዛሬ እንድትሸነፍ እፈልጋለሁ አልኩት። ፈገግ አለ። «እኔም ሳልፈልግ አልቀረሁም፣ አርዲስ። ግን ቢወድቅስ መንገድ ላይ?»

ሜዳው ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አሥራ አራት ቁጥር በሁለት ትልልቅ ተጎታቾች መካከል ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ በስተግራ ያለው ጎረቤት የጥላ ሸራውን ዘርግቶታል። በእኛ ሰፈር አዲስ ሰው ወደ ኋላ ሲገባ ማየት እንደ ሲኒማ ነው። መሪ ላይ ሴት መቀመጧ ሲታይ ደግሞ ወንበር ይዞ ያልወጣ አልነበረም። ኤልደን ከፒካፑ ወርዶ፣ ማንንም ሳያይ፣ ወደ ቦታው መጨረሻ ሄዶ ቆመ።

በመጀመሪያው ዙር ጅራቱ ወደ ሸራው ሄደ። ኤልደን ድስቱን ከደነ። ቆመች። አንዱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውዬ፣ «መሪውን ቁረጪው፣ ወደዚህ ቁረጪው» እያለ እጁን ያወናጭፍ ጀመር። ዝም ብለህ ቢራህን ጠጣ አልኩት፤ ጠጣ። ላቮን ወደ ፊት አወጣችው። ከርቲስ እጁን አጣምሮ አጠገቤ ቆሟል። እሷም ቶሎ አልተነሳችም። ሞተሩ እየሠራ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆየች፤ ጭንቅላቷ ወደ ስፖኪዮው ዘንበል ብሏል። ጅራቱ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

ኤልደን ቀኝ እጁን አነሳ። ተጎታቹ ወደ ቀኙ መጣ። ግራውን አነሳ፤ ተመለሰ። ግድግዳው ወደ እሱ እየመጣ ነው፤ ነፋሱ ቆቡን አስጥሎት ሄደ፣ ዞሮ እንኳ አላየውም። ጨው ይበትናል። ጨው፣ ጨው፣ ጨው። አንድ እርምጃ ሲቀረው ሁለት እጁን ወደ ታች አድርጎ ከደነ፤ ላቮን ቆመች። ከሸራው በአንድ ክንድ፣ ከወዲያኛው ጎረቤት በክንድ ተኩል፣ ቀጥ ብሎ ገብቷል። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ እጄ እንባዬን በመጥረግ ተይዞ ነበር።

ከርቲስ ወደ አባቱ ሄደ። «እሺ አባዬ፣ ለገዢው ምን ልበለው?» አለ።

«እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አለ ኤልደን። «መሪው የእሷ ነው። እሷን ጠይቃት።»

ከርቲስ ዞሮ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደ። ላቮን ሞተሩን አጥፍታለች፤ እጆቿ ግን ገና መሪው ላይ ናቸው። እንዲጠይቃት አልጠበቀችውም።

«ከወንበሩ ኋላ ታኮዎቹ አሉ፣ ልጄ» አለችው። «አውጣና ከጎማው ሥር አድርግልኝ።»

ከርቲስ ሁለቱን ታኮዎች አወጣ። በእሑድ ሱሪው ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አድርጎ እንዳይነቃነቁ በቡጢው አጥብቆ መታቸው።